ማን አረደው? በየትኛው ድስት ተሰራ? የአንባቢዎቻችን ጥያቄ ስለ ሃላል ጉዞ

ባለፈው እትም ስለ ቱርክና ማሌዥያ ሃላል ሆቴሎች ትንሽ ነገር ጣል አድርገን ነበር፣ ከዛ ወዲህ በቴሌግራም የሚገባው ጥያቄ ማለቂያ የለውም፣ ግማሹ ከዚሁ ከጎንደር፣ ከአዲስ አለም ነው ግማሹ ከፒያሳና ከአዘዞ፣ ክርስቲያን አንባቢዎችም ጽፈውልናል። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርገን አራት መርጠናል። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም» የሚለውን የዲን ጥያቄ እኔ አልነካውም፣ እሱን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። እኔ የማወራው ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ኩሽናው፣ ስለ ቪዛውና ስለ ወቅቱ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ጥር ላይ ኒካህ አለን ኢንሻአላህ። እጮኛዬ ለጫጉላ ቱርክ እንሂድ ይላል፣ አላኒያ የሚባል ከተማ 'ሃላል ሆቴል' የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይቶ ነው። እኔ ኒቃብ ነው የምለብሰው፣ ዋና ደግሞ ነፍሴ ነው። እውነት ሴቶች ብቻ የሚዋኙበት ቦታ አለ ወይስ ለማስታወቂያ ነው? ደግሞስ ሙስሊም አገር ከሆነ ሁሉም ሆቴል ሃላል አይደለም እንዴ?» (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አለም)

ወአለይኩም ሰላም የኔ እህት፣ አላህ ያሳምርላችሁ። ከመጨረሻው ልጀምርልሽና፣ አይደለም! የአገሩ ህዝብ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ሆቴሉ ሃላል አይሆንም። ቱርክ ውስጥ ራኪ የሚባለው አረቄያቸው በየባህር ዳርቻው ሆቴል ይሸጣል፣ ሞሮኮ ወይን ጠጅ ታመርታለች፣ ዱባይ ትልልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሙስሊም ላልሆኑ» ተብሎ የተለየ የአሳማ ስጋ ክፍል ታገኛለሽ፣ እዛው ጎኗ ያለችው ሻርጃ ደግሞ አልኮል ጭራሽ አትሸጥም። የማሌዥያዋ ላንግካዊ ደሴት ከቀረጥ ነጻ ስለሆነች ቢራው ከዋናው አገር ይልቅ እዛ ነው የሚረክሰው። ስለዚህ የአገሩን ስም ተይውና ሆቴሉን ጠይቂ።

የሴቶች መዋኛ ግን እውነት አለ። ቱርክ በዚህ ነገር የቆየች ናት፣ እ.ኤ.አ በ1996 ዲዲም የባህር ዳርቻ ላይ ካፕሪስ የሚባለው ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ተከትለውታል፣ አሁን አላኒያና አንታሊያ አካባቢ አልኮል የማይገባባቸው፣ ለሴት ለብቻ ገንዳ፣ አንዳንዴም ለብቻ የተከለለ የባህር ዳርቻ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ጥሩዎቹ ጋ አጥሩ ረጅም ነው፣ ከላይ ፎቅ የሚያይ መስኮት የለም፣ ሰራተኞቹ በሙሉ ሴት ናቸው፣ መግቢያው ላይ ስልክሽን ተቀብለው ያስቀምጡልሻል። ስልክ የማይቀበል ከሆነ እኔ አልገባም ነበር፣ በዚህ በቲክቶክ ዘመን!

ማስታወቂያው የሚያታልለው «የሴቶች ገንዳ አለን» በሚለው ቃል ነው። አንዳንዱ ሆቴል እንደዛ ሲል ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ገንዳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለሴት ይለቅና ከዛ በኋላ ለሁሉም ነው። እጮኛሽ ቡክ ከማድረጉ በፊት ለሆቴሉ በጽሁፍ ይጠይቅ፦ የሴቶቹ ገንዳ ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ በሰዓት? ውጭ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? ባህሩስ ለሴት የተለየ ዳርቻ አለው ወይስ ቡርኪኒ (ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ) ለብሼ ከሁሉም ጋር ነኝ? አልኮል በግቢው ሙሉ የለም ወይስ ሬስቶራንቱ ላይ ብቻ ነው የሌለው? ሃላልቡኪንግ የሚባለው ሳይት ይሄን በየሆቴሉ ዘርዝሮ ያስቀምጣል፣ ሌላ ቦታ ቡክ ብታደርጉ እንኳን እሱ ላይ አይቶ ማመሳከር አይከፋም። መልሱን ስክሪንሾት ያዙት።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር። ጥር! እኛ ጋ የሰርግ ወር ነው፣ ፀሐይ ነው፣ አላኒያ ላይ ግን ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ባህሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከነዛ ሆቴሎች ብዙዎቹ በራቸውን የሚከፍቱት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት አካባቢ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ የሐምሌ ነው እህቴ። ክፍት የሆነ ብታገኙ እንኳን ባህሩን በመስኮት እያያችሁ ሻይ ልትጠጡ ነው። (እሱም ለሙሽራ አይከፋም ትይኝ ይሆናል።)

ጥር ላይ ባህር ካማራችሁ ማልዲቭስ ወቅቷ ነው፣ ከታህሳስ እስከ ሚያዝያ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ቪዛው ለኢትዮጵያዊ እዛው ሲደርሱ በነጻ 30 ቀን ይሰጣል፣ የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ቡኪንግ ይጠይቃሉ፣ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ኢሙጋ የሚባለውን ፎርም ኦንላይን መሙላት አለባችሁ፣ ከኢትዮጵያ ስለምትሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። አገሩ ዜጋው በሙሉ ሙስሊም ነው፣ ህገ መንግስቱ ራሱ ሙስሊም ያልሆነ ዜጋ አይሆንም ይላል፣ ግን ተጠንቀቁ፣ ሪዞርት የሆኑት ደሴቶች ላይ ባር አለ፣ የአሳማ ስጋም አለ። ህዝቡ የሚኖርባቸው እንደ ማፉሺ ያሉት ደሴቶች ላይ አልኮል አይሸጥም፣ መስጊዱ ቅርብ ነው፣ አዛን ትሰማላችሁ፣ ማረፊያውም ይረክሳል። ቱሪስቶቹ በዋና ልብስ የሚሆኑበት ዳርቻ ተከልሎ ለብቻው ስለሆነ መንገድ ላይ አያጋጥማችሁም። የቱርክ አይነት ለሴት ብቻ የተከለለ ዳርቻ ግን አትጠብቂ። ኒቃብ ለምትለብስ ሴት የሚሻለው የራሱ ገንዳ ያለው፣ ከጎረቤት የማይታይ ክፍል ነው፣ ዋጋው ግን ያማል፣ አልዋሽሽም። ከሰርጉ ድግስ ላይ ሁለት ሰንጋ ቢቀነስ ምን ይመስልሻል?

«ደላላ ለእናቴ የኡምራ (የትንሹ የመካ ጉዞ) ፓኬጅ አቀረበልን፣ ከዱባይ ሽርሽር ጋር። 'በኡምራ ቪዛ ትግባና እዛው ቆይታ ሐጁንም ታደርጋለች፣ በአንድ ወጪ ሁለት' ይላል። አባቴ አርፏል፣ እኔም ስራ አይለቀኝም፣ ያለ ማህረም (አብሯት የሚሄድ የቅርብ ወንድ ዘመድ) ትችላለች ወይ?» (ልጅ፣ ከአዘዞ)

ወንድሜ፣ ከዛ ደላላ ሽሽ። በኡምራ ቪዛ ሐጅ አይደረግም፣ በቱሪስት ቪዛም አይደረግም። ሐጅ የራሱ ቪዛና ፈቃድ አለው፣ ከኛ አገር በመጅሊሱ በኩል ነው የሚኬደው። ቅጣቱና መባረሩ አንድ ነገር ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ በ2024ቱ ሐጅ ከ1,300 ሰው በላይ ነው የሞተው፣ የሳዑዲ መንግስት ራሱ እንዳለው ከአምስቱ አራቱ ያህል ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው ቀዝቃዛ ድንኳን የለውም፣ አውቶቡስ የለውም፣ በዛ ፀሐይ በእግሩ ነው። እናትህን እዚህ ውስጥ አትክተታት።

ማህረምን በተመለከተ የሳዑዲ መንግስት ከጥቂት አመታት ወዲህ ሴቶች ያለ ማህረም እንዲገቡ ፈቅዷል፣ ቪዛው ላይ እንቅፋት አይሆንም፣ የዲኑን በኩል ግን ቅድም እንዳልኩት ከሼሁ ጋር ተመካከሩ። ብቻዋን ከምትሄድ ከሰፈራችሁ ሴቶች ጋር ብትሄድ ለሷም ይቀላታል።

ክትባቱን አትርሳ፣ የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው፣ ከመድረሷ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሆን አለበት፣ የቢጫ ወባውንም አብራችሁ ጨርሱ። ሌላው ሰው የሚረሳው ስልክ ነው። መዲና ላይ ረውዳ (የነቢዩ መስጊድ ውስጥ ያለው የተከበረ ቦታ) ለመግባት ኑሱክ በሚባል አፕ ቀጠሮ መያዝ አለባት፣ በር ላይ ቀጠሮውን ነው የሚያዩት፣ ብዙ እናቶች በኖኪያ ቁልፍ ስልክ ሄደው በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ስማርት ስልክ ስጣት፣ አፑን እዚሁ ጫንላት፣ ኢንተርኔት ያለበት ቀን ላይ ቁጭ ብለህ አሳያት። መካና መዲና መሀል ደግሞ እ.ኤ.አ በ2018 የተከፈተው የሐረመይን ባቡር አለ፣ በጅዳ በኩል ያልፋል፣ ከአውቶቡሱ በጣም ይፈጥናል፣ ጉልበት ለሚያማት እናት ወጪው አይቆጭም። ፓኬጁ ውስጥ ባቡር ነው ወይስ አውቶቡስ፣ ሆቴሉ ከሐረም (ከታላቁ መስጊድ) በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ እነዚህን ሁለቱን አስጽፍ። «ከሐረም ቅርብ» የምትል ቃል ብቻዋን ምንም ማለት አይደለችም።

አውሮፕላኑ ላይ «ሙስሊም ሚል» የሚባል ምግብ ማዘዝ ይቻላል፣ ግን ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ትኬት ቢሮው ጋ መመዝገብ አለበት፣ ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ብትጠይቅ አያገኙላትም። ዱባዩን ተወው በለኝ እንጂ እናትህ እዛ ምን ልትሰራ ነው፣ ፎቅ ልታይ?

«ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሆቴል አለኝ። አንድ አስጎብኚ ደውሎ ከማሌዥያና ከባህረ ሰላጤው አገሮች እንግዳ ላመጣልህ እችላለሁ፣ ፋሲልን አይተው ወደ ሰሜን ተራሮች ያልፋሉ፣ ኩሽናህ ሃላል ነው ወይ አለኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አብሳዮቼም ክርስቲያን ናቸው። ሁሉንም ሃላል ባደርገው የከተማው ደንበኛዬ እግሩን ያነሳል። ምን ይሻለኛል?» (ባለ ሆቴል)

ጋሼ፣ ጥያቄዎትን ሳነበው ደስ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም ዋናውን ነገር እርስዎ ነዎት ያነሱት። ስለ ሃላል ቱሪዝም የሚጻፈው መመሪያ በሙሉ የሚጻፈው ኩዋላ ላምፑር፣ ሲንጋፖር፣ ኢስታንቡል ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት አገሮች የደረጃ ተቋም እንኳን እ.ኤ.አ በ2019 ለሃላል ቱሪዝም አገልግሎት የራሱን ደረጃ አውጥቷል። እነዚህ ሁሉ ኩሽናውን ሃላል ካደረግከው ሁሉም ሰው ይበላልሃል ብለው ነው የሚነሱት፣ ቻይናው ይበላል፣ እንግሊዙ ይበላል፣ ምን ቸገረው። እኛ ጋ ግን እንደዛ አይደለም፣ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ሁሉ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ጎንደር ውስጥ ስጋ ቤት ሰው ሲገባ በሩ ላይ መስቀል ነው ጨረቃ ያለው ብሎ አይቶ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም ሃላል አድርገው» የሚልዎት አማካሪ ቢመጣ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

መፍትሄውን ደግሞ ከርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ሰርግ ደግሰው ያውቃሉ አይደል? ለሙስሊም ጎረቤት ምን ያደርጋሉ? በጉን ለብቻ ይገዙና ሙስሊም ጠርተው ያሳርዳሉ፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው ሁሉ ከእነሱ ቤት ነው የሚመጣው፣ የሚያበስሉትም የእነሱ ሴቶች ናቸው፣ በለየ ድንኳን ወይ በለየ ጥግ፣ ጠላው በዛ በኩል አይዞርም፣ ቀሪቦና ብርዝ ነው የሚቀርበው። ሆቴል ላይም ይሄው ነው። እርስዎ የሚያስፈልግዎት ሁለተኛ ትንሽ ኩሽና ነው፣ የራሱ ፍሪጅ፣ የራሱ መጥበሻ፣ የራሱ ዘይት፣ አንድ ሙስሊም አብሳይ። አይ ይሄን ያህል እንግዳ የለኝም፣ ዘንድሮ መንገዱም እንደምታውቂው ነው ካሉኝ ደግሞ አዲስ አለም ካለ ምግብ ቤት ጋር ይስማሙና ተዘግቶ በራሱ ሳህን ይምጣልዎት።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ስጋውን መተው ነው። አሳ ማረድ አይፈልግም፣ የጎርጎራ አሳ ለሁለቱም ወገን ይሆናል። በያይነቱ አለ፣ ሽሮ አለ፣ እንቁላል አለ። የርስዎ አብሳዮች ረቡዕና አርብ የጾሙን ድስት ከፍስኩ ለይተው መስራት ለምደውታል፣ ስጋ የነካው ጭልፋ ሽሮ ውስጥ እንደማይገባ ማንም አያስተምራቸውም። ሶስተኛ ድስት ጨመሩ በቃ። አንድ ነገር ብቻ፣ አዋዜዋን! እኛ አገር አዋዜ በአረቄ ወይ በጠጅ ነው የሚበጠበጠው፣ ጥብስ ላይም ወይን ጠጅ ጠብ የሚያደርግ አብሳይ አለ፣ እንግዳው ይሄን በምን ያውቃል፣ ቀይ ስጎ መስሎት አሳው ላይ ያፈሰዋል። በውሃ የተበጠበጠ ለብቻ ያስቀምጡ።

«ከባህረ ሰላጤው የሚመጣው እኮ የክርስቲያን እርድ ይበላል ይባላል» ብሎ የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። አዎ፣ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ይፈቀዳል የሚል የቁርዓን አንቀጽ ይዘው የሚበሉ አሉ፣ የማይበሉም አሉ፣ የኛ አገር ሙስሊም ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። እርስዎ ሙፍቲ አይደሉም፣ ለእንግዳው አይወስኑለት። ማን እንዳረደው፣ የት እንደተሰራ፣ ባር እንዳለዎት ይንገሩት፣ ይምረጥ። ሰርተፍኬት ሳይኖርዎት በር ላይ «ሃላል» ብለው እንዳይለጥፉ ደግሞ አደራ። ማሌዥያ ውስጥ የሃላል አርማ የሚሰጠው ጃኪም የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤትና የየክፍለ ግዛቱ የእስልምና ምክር ቤት ብቻ ነው፣ «አሳማ የለም» ብሎ የሚለጥፍ ምግብ ቤት ሁሉ ሃላል እንዳልሆነ ማሌዥያዊው ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ጠያቂ ነው።

ክፍሉ ላይ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ቢራ ያውጡ። ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ የሚረጭ ቀጭን ጎማ ያስገቡ፣ ያ ካልሆነ ንጹህ ማንቆርቆሪያ፣ በሶፍት ብቻ እንዲሆኑ አያስገድዷቸው። መስገጃ ሁለት ሶስት ሪሴፕሽን ላይ ይኑር። ማሌዥያ ሆቴል የገባ ሰው ጣሪያው ላይ ወይ መሳቢያው ውስጥ ቂብላ (ሲሰገድ የሚዞሩበትን የመካ አቅጣጫ) የሚያሳይ ቀስት ተለጥፎ ያገኛል፣ እርስዎም ይለጥፉ፣ ከጎንደር ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምስራቅ ዘንበል ይላል። ማሌዥያዊው አገሩ ላይ ወደ ምዕራብ ነው የሚሰግደው፣ ሳይነግሩት ግራ ይገባዋል።

ሰሜን ተራሮች ላይ ካምፕ የሚያድሩ ከሆነ አብሳዩን ከዚሁ ሙስሊም ይቅጠሩላቸው። ደባርቅ ደርሰው ይፈለግ ማለት ካምፑ ላይ በጉ ታስሮ የሚያርድ ሲጠፋ ማለት ነው።

አስጎብኚውን ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፣ ፋሲል ግንብን ብቻ አሳይቶ ለምንድነው የሚያልፈው? ለነዚህ እንግዶች ኢትዮጵያ ማለት መጀመሪያ ነጃሺ ነው፣ እ.ኤ.አ በ615 አካባቢ የነቢዩን ሰሃቦች የተቀበለች አገር ናት፣ ትግራይ ያለውን የነጋሽ መስጊድና ሐረር ጁገልን ስማቸውን ሰምተው ነው የሚመጡት። ጎንደር ላይ ግን አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 እ.ኤ.አ ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር መወሰኑን፣ ያ «እስላም ቤት» ይባል የነበረ ሰፈር የዛሬው አዲስ አለም መሆኑን፣ የከተማዋን ንግድ ከቀይ ባህርና ከሱዳን ጋር ያገናኙት ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የዚህ ሰፈር ሰዎች እንደነበሩ ማን ይነግራቸዋል? ከግንቡ በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። ጁምዓን እዛ ይስገዱ፣ ምሳቸውን እዛ ይብሉ፣ የርስዎም የስጋ ጭንቀት በዛው ያልቃል።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። እቃ ላመጣ ኢስታንቡል ልሄድ ነው፣ ሁዳዴ ላይ ገጠመብኝ፣ የእነሱ ረመዳንም በዛው ሰሞን ነው አሉ። ምን እየበላሁ ልክረም?»

እትዬ፣ አይጨነቁ። ኢስታንቡል በረመዳን ቀን ምግብ ቤቱ ክፍት ነው፣ የሚከለክልዎት የለም፣ እንደው ጾመኛ ሻጭ ፊት አለማኘክ የኛም ባህል ነው። የጾም ምግብ ሞልቷል፣ በወይራ ዘይት ተሰርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ባቄላ፣ ፎሶሊያ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አለ፣ ቅጠሉን ግን ስጋ የሌለበት ብለው ይዘዙ፣ ባለ ስጋም ስላለ። ሲሚት የሚባለው ባለ ሰሊጥ ክብ ዳቦ በየመንገዱ ነው። የምስር ሾርባው ላይ ይጠንቀቁ፣ ቅቤ ወይ የአጥንት መረቅ የሚያስገቡ አሉ፣ ጠይቀው ይዘዙ። ነጭ መጠጥ ቢሰጥዎት አይራን ነው፣ እርጎ ነው፣ ይመልሱት። ላሌሊ የሚባለው የገበያ ሰፈር እቃ ሲያዩ ውለው ሲርብዎት ደግሞ በየጥጉ «ቺ ኮፍቴ» የሚል ሱቅ ያያሉ፣ ቀይ፣ በእጅ የታሸ፣ ቁርጥ ክትፎ ነው የሚመስለው፣ ደንግጠው እንዳያልፉ፣ በየሱቁ የሚሸጠው ስጋ የለበትም፣ የተከካ ስንዴ በበርበሬና በቲማቲም ታሽቶ ነው፣ በሰላጣ ቅጠል ወይ በቂጣ ጠቅልለው ሎሚ ጨምቀው ይሰጥዎታል። በርበሬው የኛን ያህል ባይሆንም ይቀምሱታል።